በቢላ የተፈተሸ ዘይቱን

የያዙኝ ሱቄ ውስጥ፣ ለአንዲት ደንበኛ ነጠላ እያጠፍኩ ሳለ ነው። "ለአንድ ጥያቄ ነው፣ እትዬ፤ አሁን ይመለሳሉ" አሉኝ። ነጠላውን አጥፌ ጨርሼ ለደንበኛዬ ሰጠኋትና ተከተልኳቸው። ጥፋቴ በሰፈር ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ከሰፈራችን የተወሰዱት ልጆች የት እንዳሉ መጠየቄ ነበር። "አሁን" የተባለው አምስት ወር ፈጀ።

ያስገቡኝ ክፍል የቀድሞ መጋዘን ነው። ከመርካቶ ስላልራቅን፣ ጠዋት ጠዋት የተሸካሚዎቹ "ጀርባ! ጀርባ!" የሚል ጩኸት በቆርቆሮው በኩል ይሰማን ነበር። አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ቤተሰብ ላለን ምግብ ይገባልናል፤ ሁሉንም አንድ ላይ አቅርበን እንበላለን። አንድ ደንብም ነበረን። መጀመሪያ ከገቡት አንዷ "እዚህ ቤት ሞት በስሙ አይጠራም" ብላ ስለነበር፣ ማንም ማንንም "በሞቴ ብዪ" አይልም። አንድ ጊዜ "ኑ፣ ብሉ" ይባላል፤ የፈለገች እጇን ትሰዳለች።

ከመካከላችን ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የላትም። ምግብ ሲቀርብ "ጠግቤያለሁ" ትልና፣ የእስር ቤቱን ዳቦና ሻይ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

"ተዋት፣ ሽሯችንን ንቃ ነው" ትል ነበር አጠገቤ የምትተኛው የሰባተኛ ሰፈር ሴት፤ ምላሷ አያርፍም። እኔም ኩራት መስሎኝ ተውኳት።

በሦስተኛው ወር ግድም የልጅቷ ድድ መድማት ጀመረ። የገመጠችው ዳቦ ላይ ደም ይቀራል። ምንም ሳይነካት እግሯ ይበልዛል። አንዳንዶቹ ፍራሻቸውን ከእሷ አራቁ። ጠባቂዋ አየቻትና "ይሄ ተላላፊ ነው፤ ነገ ለብቻዋ ትሆናለች" አለች። ለብቻ ማለት ከመጸዳጃው ጎን ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለፈው ወር አንዲት የምትስል ሴት እዚያ አስገብተው ነበር። በአራተኛው ቀን ሳሏ መሰማቱን አቆመ፤ ምን እንደሆነች የነገረን የለም።

አብራን የታሰረች ነርስ የልጅቷን ከንፈር ገልጣ አየች።

"ምን ስትበዪ ከረምሽ?"

"ዳቦ።"

"ሌላስ?"

"ሻይ።"

ነርሷ ወደ እኛ ዞረች። "ይሄ አይተላለፍም። ቫይታሚን ሲ ነው ያጣችው። እኛን ከወጡ ጋር የሚመጣው ቃሪያ አድኖናል።"

በዚያው ቀን እህቴ ዘይቱን አመጣችልኝ። ፈታሾቹ ውስጡ ወረቀት ተደብቆ እንደሆነ ብለው አንድ በአንድ በቢላ ሰንጥቀውታል። በቢጫው ልጣጭ መሀል ሮዝ ውስጡ ይታያል። መዓዛው ክፍሉን ሞላው።

"ታዲያ ምን ተናዘዘ?" አለች የሰባተኛዋ ሴት። ሳቅን።

ነርሷ አልሳቀችም። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ከብርቱካን ይበልጣል። ሰውነት ስለማያጠራቅመው በየቀኑ ማግኘት አለባት። ፍሬው ግን ድዷን እንዳያቆስለው እየለዩ ይስጧት።"

ለስላሳውን በላስቲክ ማንኪያ ፍቄ አቀረብኩላት።

"ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።"

"ብዪ እንጂ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።"

ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ከዚያ "በሞቴ" አልኳት።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና አፏን ከፈተች። ሲያማት ዓይኗን ጨፈነች እንጂ አልተፋችውም። ሁለት ዘይቱን ጨረሰች።

"ምነው እስከ ዛሬ?" አለቻት የሰባተኛዋ ሴት፤ ድምጿ ለስልሷል።

"አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ ብዪ የምትሉኝ። ባዶ እጄን የገባሁ ሰው፣ አንዴ ስለተባልኩ ከሰው ማዕድ እጄን ልስደድ? እናቴ እንዲያ አላሳደገችኝም።"



በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጠባቂዋ መጣች። "ተነሺ፣ ዕቃሽን ያዢ" አለቻት። ነርሷ ልታስረዳ ስትሞክር "ሐኪም ነኝ ልትዪ ነው?" ብላ አስቆመቻት። እኔ ልጅቷን እያጎረስኩ ነበር። ማንኪያው ላይ ደም አለ። የተረፈውን በዚያው ማንኪያ ጎረስኩና ዋጥኩት።

"ከተላለፈም ተላልፎብኛል" አልኳት። "እንግዲህ ሁለታችንንም ውሰጂን። ክፍሏ ትበቃን እንደሆነ።"

ጠባቂዋ አንዴ ማንኪያውን፣ አንዴ እኔን አየች። "እርስዎ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜዎ!" አለችና ራሷን ነቀነቀች። "እስከ ሰኞ ትቆይ።"

ምግብ ተቀባዩን ለምኜ፣ ዘይቱን በየቀኑ እንድትጨምር ለእህቴ አስነገርኩ። አልጎደለብንም። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ አፏን ተጉመጥምጣ በሳፋው ላይ ተፋች። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ውሃው ንጹሕ ነበር። የሰባተኛዋ ሴት እልል ልትል ስትል አፏን ያዝናት። ጠባቂዋም መጥታ ሳፋውን አየች፣ የልጅቷን ድድ አየች፣ በሩን ዘግታ ሄደች። ልጅቷ እዚያው ከእኛ ጋር ቀረች። ከእኔ ቀድማም ተፈታች።

ባለፈው ሰሞን ሱቄ መጣች። ፊቷ ሞልቷል። "እትዬ፣ አወቁኝ?" ብላ ስትስቅ፣ ሰላም ከማለቴ በፊት ጥርሶቿን አየሁ። ሁሉም በቦታቸው ናቸው። በአንድ ክፍል ሦስት ወር እየዋልን እያደርን ኩራተኛ አድርጌ እንዳሰብኳት ልነግራት አስቤ ነበር። እሷ ግን ስለ አዲሱ ትዳሯ ማውራት ጀምራለች፤ ላቋርጣት አልፈለግኩም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና አዳመጥኳት።