የጥርስ ሠሪዋ ግማሽ ደመወዝ

ጥርስ ሠሪዋ በዕድሜዋ ብዙ አፍ አይታለች፤ እንደዚያ የባንክ ሠራተኛ ያለ አፍ ግን አልገጠማትም። ጥርሱ ምንም አልጎደለውም፤ አንድ በአንድ የተደረደረ ነው። ጉዱ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ላይ ነበር።

ሐኪሞቹ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ይታያሉ። እሷ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ጄሶ ታቦካለች፣ ሰም ትቀርጻለች፣ የወለቀውን የሰው ጥርስ በልኩ ትተካለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! ክፍሏ መስኮት የላትም። የጥርስ ቀለም ደግሞ በአምፖል አይለይም፤ ስለዚህ ቀለም መምረጥ ሲኖርባት ጥርሱን በጣቷ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ከዘነበም ጃንጥላ ትይዛለች። ሐኪሞቹ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ ታካሚው ተመልሶ የሚመጣው የእነሱን ካፖርት ሊያይ አይደለም።

ልትገዛው የፈለገችው ቤት አንዲት ትርፍ ክፍል ነበረችው፤ መስኮቷ ግድግዳውን ሊያክል ምንም አልቀረው። ጥርስ ሠሪዋ ያንን መስኮት ስታይ ልቧ እዚያው ቀረ። ጠረጴዛዋን ከሥሩ አስቀምጣ፣ ማንንም ሳትለማመጥ፣ በራሷ ስም ስትሠራ ታያት። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ወደዋት እስከ ወሩ መጨረሻ ልጠብቅሽ አሏት፤ የመጨረሻዋ ቀን ማታ ካለፈ ግን ቤቱን ለሚወተውታቸው ነጋዴ ሊሰጡት ነው። እሷም ሰው ተስፋ ሲያደርግ እንደሚሞኘው ተሞኘችና መጋረጃ ሳይቀር መረጠች።

የቤት ብድር ልትጠይቅ ባሏን ይዛ ባንክ ሄደች። ባሏ ሾፌር ነው፤ እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው የለም፣ ሥራ ግን አይበረክትለትም። በስድስት ዓመት አራት መሥሪያ ቤት ቀይሯል፤ ከአንዱ የተባረረውማ መሪ ላይ ተደፍቶ እንቅልፉን ሲለጥጥ ተይዞ ነው። እሱም አይደብቀውም፣ እየሳቀ ያወራዋል።

ጉዳያቸውን የያዘው ልጅ ቋጠሮው አገጩን የሚነካ ቀይ ክራባት አስሯል። ጥርስ ሠሪዋ በሆዷ ክራባቱ ብላ ስም አወጣችለት። ክራባቱ ሲጀምር እርስዎ ብሏት ነበር። የተወለደችበትን ዓመት ቅጹ ላይ ሲያነብ ግን አንቺ ወደማለት ወረደ። በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች እኮ! ባሏን እስከ መጨረሻው እርስዎ እንዳለ ቀረ።

የባልየው ደመወዝ ሙሉውን ተቆጠረ። የእሷ ላይ ሲደርስ ክራባቱ ብዕሩን አነሣና ግማሹን ሰረዘው። ምነው ብትለው፣ ከአርባ አምስት ዓመት በታች የሆነች ባለትዳር ደመወዟ በግማሽ ይታሰባል፣ ደንብ ነው አላት። ልትወልድ ትችላለቻ። ከወለደች ደግሞ ሥራዋን ልትተው ትችላለች። ይህንን ሲናገር ፊቱ ላይ ዕፍረት የሚባል ነገር ዝር አላለም፤ እንዲያውም ያስተማራት መስሎታል። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሳትቀር የሠራችው ሴትዮ ግማሽ ሆነች፤ መሪ ላይ የሚተኛው ሰውዬ ሙሉ። ባሏ እንኳ አፍሮ፣ ኧረ እሷ ናት ቤቱን የያዘችው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ክራባቱም ቀልድ መስሎት ሳቀለት።

ግማሹ ተሰርዞ በቀረው ደመወዝ የሚሰጠው ብድር ለዚያ ቤት አይበቃም። ሊነሡ ሲሉ ክራባቱ ጎንበስ ብሎ፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውል ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገና አንድ መላ እንዳለ ነገራት፤ እንደማትወልድ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ካመጣች ደመወዟ ሙሉውን ይቆጠርላታል። ባልና ሚስቱ አልተያዩም። ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ።

ወረቀቱ ነበራት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰባት ወሯ፣ ደም ፈስሷት ሆስፒታል ገብታ ነበር። ልጁ አልተረፈም፤ እሷን ለማትረፍ ማህፀኗ ወጣ። ይህንን የሚያውቁት ባሏና ታላቅ እህቷ ብቻ ናቸው። አማቷ የልጁን መሞት እንጂ ሌላውን አልሰሙም፤ ዛሬም በመጡ ቁጥር አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ይሰጣል ይሏታል። እሷም አሜን ትላለች፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ፊቷን ትታጠባለች። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ተቀምጧል። አንድም ቀን ከፍታ አንብባው አታውቅም።

ባሏ ቤቱ ይቅርብን፣ ተከራይተን አልሞትን አላት። ሦስት ቀን አሰበችበት። ሠራችው፣ አፈረሰችው። ያንን ወረቀት ለዚያ ልጅ ከማሳየት ገበያ መሀል ልብስ ማውለቅ ይቀላል። ግን ደግሞ ያ መስኮት አለ። በወሩ መጨረሻ ቀን ጠዋት ጥርሷን ነክሳ ፖስታውን በቦርሳዋ ከተተችና ወደ ባንኩ ሄደች። ባሏን ደጅ ደረጃው ላይ ጠብቀኝ አለችው፤ ወረቀቱ ሲነበብ አጠገቧ እንዲቀመጥ አልፈለገችም።

ክራባቱ ፖስታውን ቀድዶ ማንበብ ጀመረ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር የሚያነበው፣ ልክ እንደ ተማሪ። መሀል ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ውይ እህቴ፣ ይሄ እያለሽ ነው እንዴ የተንገላታሽው?» አለ። «እንኳን ደስ አለሽ።»

ጥርስ ሠሪዋ ፊቱን አየችው። ሳቁ የእውነት ነበር፤ ክፋት የለበትም፣ ያ ነው የባሰው። ከልቡ ደስ ብሎታል! ያልሰማችው መስሎት ደግሞ ደገመላት፤ ደመወዝሽ ሙሉውን ሊቆጠር ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ። ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። የት ልፈርም ለማለት እጇን ወደ ብዕሩ ዘረጋች።

ክራባቱ ግን ወረቀቱን አንድ ጊዜ ገለበጠው። ፊቱ ተኮሳተረ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሕክምና ወረቀት ከስድስት ወር በላይ አያገለግልም። አሳድሰሽ አምጪው።»

«ምኑን ነው የማሳድሰው?»

«ወረቀቱን ነዋ። አሁንም እንደማትወልጂ ሐኪም ያረጋግጥና...»

«ማህፀኔ ወጥቶ ተጥሏል» አለች። ጮክ አላለችም፤ ግን አጠገባቸው ያለችው ገንዘብ ከፋይ መቁጠሯን አቆመች። «በሁለት ዓመት ውስጥ የበቀለ መስሎህ ነው?»

ክራባቱ ፊቱ ቀላ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደንብ ገለጠ፣ ወደ አለቃው ክፍል አየ፣ ተመልሶ ደንቡን ገለጠ። ያን ያህል የተማረ ጭንቅላት ተሸክሞ መልሱን ከወረቀት ይፈልጋል! በመጨረሻም አንገቱን ደፍቶ ደንብ ነው አለ፤ ያሳዝናል፣ ግን ደንብ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ብታመጪው ይደርሳል። ሳምንት የላትም። ያላት እስከዚያው ዕለት ማታ ብቻ ነው።

እጇን ሰድዳ ወረቀቷን ከፊቱ አነሣች። ኮፒ ላስቀር እያላት በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና በመስተዋቱ በር ወጣች።

ባሏ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

«ምን አሉሽ?»

«እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ።»

ምስኪን፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት መጣ። እቅፉ ውስጥ ሆና ነው የቀረውን የነገረችው።