ማን ያረደው ስብ ነው?

አፌ አያርፍም። ነርስ ከሆንኩ ጀምሮ በሽተኛን ሳላስተምር መርፌ ወግቼ አላውቅም፤ ከሚሴ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀኝም በዚሁ ነው።

አንድ ቀን ከጨፋ ሸለቆ አንድ ገበሬ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጎረምሳው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ይዞት ተመልሷል፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ መቆም አቅቶታል። የታዘዘለት መድኃኒት ለሆስፒታላችን አዲስ ነበር። እኔ ደግሞ ያወቅኩትን መች ዋጥ አደርጋለሁ!

«መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው፤ ለብቻው ከተሰጠ ኩላሊት ይጎዳል» አልኳቸው። «ስለዚህ ፎስፎሊፒድ በሚባል ስብ ይጠቀለላል፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ኳሶች ይሆናል። ጀርሙ የተደበቀባቸው ሴሎች ኳሱን ሲውጡ መድኃኒቱንም አብረው ይውጣሉ።»

አባትየው በጥሞና ሰሙኝ። «ኢንተለ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የምን ስብ ነው? ማንስ ያረደው?»

አላውቅም። ባለማወቄም ተናደድኩ።

«አባባ፣ ልጅዎ እየሞተ ስለ እርድ ይጠይቁኛል?»

አልተቆጡም። «ስጋ እንኳ ሳንጠይቅ አንበላም፤ ደሙ ውስጥ ስለሚገባው አንጠይቅ? ሌላ መዳኛ ከጠፋ አላህ ይፈቅዳል። ግን እስቲ አጣሪልኝ።»

እየተነጫነጭኩ ሄጄ ከመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አወጣሁ። እውነቱን ልናገርና አላነበብኩትም ነበር። ስቡ ከአኩሪ አተር የተገኘ ነው ይላል። እፎይ ብዬ መልሼ ላጥፈው ስል ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር አየሁ፤ ከጨው ውሃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ በስኳር ውሃ ብቻ ይበጠበጣል፣ ጨው ከነካው መድኃኒቱ ይዘቅጣል።

የጨው ውሃውን ከረጢት ልጁ ራስጌ ሰቅዬ የመጣሁት ራሴ ነኝ፤ መድኃኒቱን ልጨምርበት የቀረኝ ትንሽ ነበር።

ሮጬ አወረድኩት፤ በስኳር ውሃ ተካሁት። ስቡ የአኩሪ አተር መሆኑንም፣ የጨው ውሃውን ስህተቴንም ለአባትየው ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን «እኔ ስቡን ስፈራ አላህ ከጨው ጠበቀን፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ልጁ ዳነ። በዓረፋ ማግስት በእግሩ ክፍላችን ገባ፤ በፌስታል ስጋ ይዟል።

«ያረደው አባቴ ራሱ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ሳትጠይቅ ትብላ ብሏል።»

ስጋውን ስቀበል እንባዬ መጣ። ምስጋና የሚገባውስ ለሳቸው ነበር እኮ። ያን ቀን ዝም ብለው ቢያምኑኝ ኖሮ ይህን ስጋ በእግሩ መጥቶ ማን ያመጣልኝ ነበር?