«አቶ» ሁሉ «ጓድ» የሆነ ዕለት

ካድሬው ወደ ጅማ ሲመጣ መንገድ ላይ ያለችው ሰኮሩ ደርሷል የሚል ስልክ ሲመጣ እኔና ከድር ካርዶቹን ደርድረን እየሳቅን ነበር። ሥራችንን ጨርሰናላ...

በደርግ ጊዜ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ የተወረሰ ቡና መቀሸሪያ ፋብሪካ ጸሐፊ ነበርኩ። እያንዳንዱ ማሽን ካርድ አለው፤ ምኑ እንደተቀየረ፣ ለምን እንደተቀየረ፣ ማን እንዳዘዘ ይጻፍበታል። ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ ካድሬ ሊጎበኘን እንደሚመጣ ሲሰማ፣ በድሮዎቹ ካርዶች ላይ ያለው «አቶ» ሁሉ «ጓድ» ይሁን ብሎ አዘዘ። የስንት ዓመት ካርድ... በእጅ ማን ይዘልቀዋል?

ዘዴውን ያመጣው መካኒኩ ከድር ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማደሪያ ቆርጦ «ጓድ» የሚል ማኅተም ቀረጸ። «አቶ» ባየን ቁጥር ላዩ ላይ ጠቅ... ጠቅ... የቀረውን ሳናነብ ጨረስነው።

ስልኩን ዘግቼ አንዱን ካርድ አነሳሁና አነበብኩት። «የወንፊቱ ሽቦ ተቀየረ። ያዘዙት፦ ጓድ ሸምሱ።»

አቶ ሸምሱ ማለት ፋብሪካው የተወረሰባቸው ባለቤት ናቸው። በየሳምንቱ ጊንጆ ቀበሌ እየቀረቡ የሚፈርሙ፣ ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሊላቸው የሚፈራ «አድሃሪ»። የዱሮውን ለውጥ ሁሉ ያዘዙት ደግሞ እሳቸው ናቸው! ቀለሙ በላጲስ አይለቅም፤ ካርዱ ቢጠፋ ደግሞ የባሰ ነው።

ከድር ላቡን እየጠረገ «ማል ጎና? ምን እናድርግ?» አለኝ። ለሥራ አስኪያጁ እንንገረው አልኩት። እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሚያሳስረን አለ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ... መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ጋ ነኝ።

ካድሬው መጣ። ገና አረፍ ሳይል ካርዶቹን ጠየቀ። አንዱን አነበበ። ሌላውንም አነበበ... ፋብሪካው ከማን እንደተወረሰ አስቀድሞ ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብሎ ሥራ አስኪያጁን አየው።

«የጓድ ሸምሱ ጉዳይ ታየላቸው ማለት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ስለ ምን እንደሚወራ አልገባውም። አላውቅም ማለት ግን ፈራ።

«አዎ... እንደዚያ ሰምተናል» አለ።

ካድሬውም ሳይሰማ መቅረቱ እንዳይታወቅበት ነው መሰለኝ፣ ራሱን ነቅንቆ ካርዱን መለሰው።

ከዚያ ማን ለማን እንደነገረ እንጃ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ሸምሱን እዚያው ጅማ መርካቶ አገኘኋቸው። ቀበሌው ከእንግዲህ መጥተው መፈረም አያስፈልግዎትም ብሏቸዋል። አልሃምዱሊላህ እያሉ ፊታቸው በርቷል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ማን እንደተከራከረልኝ ሰምተሽ ይሆን?»

«ኧረ አልሰማሁም፣ አባባ» አልኳቸው።

እሳቸው ቀለል ብሏቸው ሄዱ... ስጋታቸውን ለእኔ ያስረከቡኝ ይመስል፣ እኔ ግን ደርግ እስኪወድቅ ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።