አማት ያወጡት ስም

የጤና መድህን ክፍያ ጥያቄ በኮምፒውተር መላክ የጀመርን ሰሞን ያልተጣላሁት ሰው አልነበረም። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ቀድሞ ለመድህን አባላት የሰጠነውን ሕክምና በወረቀት ጽፈን፣ ወረቀቱን በማዳበሪያ ጠቅጥቀን ወደ ወረዳ እንልክ ነበር። ኋላ ኮምፒውተር መጣና «ክሌም» የሚሉት ነገር በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። አሠልጣኙ ቀላል ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ የታካሚውን ቁጥር ማስገባት፣ የታከመውን መጻፍ፣ ከዚያ መላክ ነው። ችግሩ የላክሁት መመለሱ ነበር።

ሁሉም እንኳ አልነበረም የሚመለሰው። የወንዶቹ ያልፋል፣ የሕፃናቱም ያልፋል። ያገቡ ሴቶች ግን ቀይ ሆነው ይመለሳሉ፤ «ስም አይመሳሰልም» ይላል። ኔትወርኩን ረገምሁ፣ መብራት ኃይልን ረገምሁ። ወረዳ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ እየደወልሁ አላስቀምጠው አልሁ። አንድ ቀን በትሕትና «እህቴ፣ ፊደል ገድፈሽ እንዳይሆን» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ፊደል የምገድፍ ሰው አይደለሁም።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንዲት እንቅርት ያለባት ሴት የመጣች ዕለት ነው። ለቀዶ ጥገና እንድትሄድ ዓመታት ለምነናታል። እንቅርቷ አድጎ አንገቷን ሞልቶታል፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታድረው። ግን ቢላ ትፈራለች። ልጇን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ ትንፋሽ አጥሯት መንገድ ላይ ከወደቀች በኋላ ነው በግድ እሺ ያለችን። ፍኖተ ሰላም ካለው ሆስፒታል ቀጠሮ ተይዞላት በማግሥቱ ልትተኛ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው የሪፈር ወረቀቷን በኮምፒውተር መላክ ብቻ ነበር።

ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ስልኩ አይሠራም፤ ስለዚህ የመጣችው ከአማቷ ጋር ነው። አማቷ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ በቁጣ ከእኔ የሚብሱ ሴት ናቸው። ቁጥሯን አስገባሁ፤ ቀይ ሆነ። መድህኑ ላይ የተመዘገበው ስምና ብሔራዊ መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ጭራሽ አይገናኙም። የሰው የመድህን ደብተር ተውሳ የመጣች መስሎኝ ቆጣ ብዬ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቅኋት። መሬት መሬት እያየች፣

«ሁለቱም እኔ ነኝ» አለችኝ።

በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚጠራት በዚያው ነው። መድህኑን ያስመዘገበው ባሏ ስለሆነ በቤት የምትጠራበትን ስም ሰጠ። መታወቂያ ሲወጣ ደግሞ የተጠየቀችው ራሷ ናትና አባቷ ያወጡላትን ተናገረች። ኮምፒውተሩ ምኑን ያውቃል፤ ሁለት ሴት አደረጋት። ቀይ ሆነው የተመለሱብኝም ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ልማዱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፣ የገዛ እናቴም ሁለት ስም አላት። ከክሌም ጋር ይገናኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሳቅም ንዴትም ባንዴ መጣብኝ።

ማስተካከያው ከባድ አልነበረም። የቀበሌው የመድህን ኃላፊ ባለበት አንድ የቤተሰብ ሰው ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን ከመሰከረ፣ የመድህኑ ስም በመታወቂያው ይተካል። ቀበሌው ጎረቤታችን ነውና ኃላፊውን አስጠራሁት። ከዚያ አማቷን እንዲመሰክሩላት ለመንኋቸው።

 ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ በሠርጓ ማግሥት ሰው ሰብስበው፣ መርቀው ያወጡት ስም ነው። አሁን እኔ በሌላ ይተካ እላቸዋለሁ። ፊታቸው ሲጠቁር ምራታቸው አየችና ነጠላዋን መሰብሰብ ጀመረች። ይቅር፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ አለች። ሌላ ጊዜ እንደማትመጣ አውቃለሁ፤ ፍርሃቷ ሰበብ ሲፈልግ ነበር፣ ይኸው አገኘ። ዛሬ ከተመለሰች አንድ ቀን ትንፋሿ እንደተቆረጠ ይቀራል። እንዲያ ስቆጣ የከረምሁት ሴትዮ፣ የምቆጣው ሰው አጥቼ ቆምሁ።

አማቷ ኃላፊውን ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው?» አሏት።

እስከዚያች ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ሽማግሌ ሲላክም የእገሌ ልጅ ተብሎ ነበር እንጂ ስሟን ያነሣ የለም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ደገሙት፤ አዲስ ምግብ እንደሚቀምስ ሰው፣ እንደገና አንድ ጊዜ አሉት።

«ደግ ስም ነው» አሉ። «እኔም የአባቴ ቤት ስም ነበረኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የጠራኝ የለም።» ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብለው፣ «ጻፊ ልጀ፣ አንዲት ሴት ናት» አሉኝ።

ልጽፍ ስል ኔትወርክ ጠፋ። በእኛ ግቢ ኔትወርክ የሚይዘው ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ ነው። ላፕቶፑን አቅፌ ወጣሁ፤ ሁሉም ተከተሉኝ። ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ ሲለኝ አማቷ ጃንጥላቸውን ከራሳቸው ላይ አንሥተው ለኮምፒውተሩ ያዙለት። ኃላፊው አጸደቀ፣ እኔ ላክሁ። ጥቂት አስጨንቆን አረንጓዴ ሆነ። እልል ልል ነበር፤ ማዋለጃው ውስጥ ያሉት ወለደች እንዳይሉ ብዬ ተውሁት።

በዚያው ሳምንት የተመለሱትን ክሌሞች አንድ በአንድ አወጣሁ። ሴቶቹ ለሕክምናም ለገበያም ሲመጡ እያስቆምሁ የአባታቸውን ቤት ስም እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ትሽኮረመማለች፣ አንዳንዷ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ ትናገራለች። አረንጓዴው እየበዛ ሄደ። ለወረዳው ባለሙያም ደውዬ አመሰገንሁት፤ ደንግጦ ምን ሆንሽ አለኝ።

ዓርብ ለስብሰባ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ለምሳ ስንወጣ በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ሮጥሁ። ያን ዕለት ጠዋት ቀዶ ጥገና ገብታለች። አማቷ ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሊጠይቁ የመጡ የአገር ቤት ጎረቤቶችም ከበዋቸዋል። ከእኔ ጋር እጅ ተነሣሥተን ሳንጨርስ በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ብቅ አለች። በመታወቂያው ስም ጠርታ፣ በሰላም ወጥታለች፣ ነቅታለች፣ ቤተሰቧ ማን ነው ብላ ጠየቀች።

ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሌላ ሰው ታካሚ መስሏቸው ዘወር ብለው በሩን ለቀቁ። እኔ አፌን ስከፍት አማቷ ተነሥተው ቆመዋል።

«የእኔ ናት» አሉ።