ጉደር ላይ የጠፋው ዲስክ

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስደርስ የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባዬ ላፕቶፗን ታቅፋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሊጫንላት ሲሞከር «ምንም ዲስክ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ፣ የሞከረላት ሰው «ተቃጥሏል» ብሎ መልሶላታል። ፊቷን ሳየው ልቤ ጉደር ሄደ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም አልቆየሁም፤ አምቦ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት እሠራ ነበር። ለሊሴ የምትባል የጉደር ልጅ እወድ ነበር፣ እሷም ትወደኝ ነበር። የከበደን የአባቷ የኦቦ ተሬሳ ነገር ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርና የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ። ሽማግሌ ልላክ ባልኩ ቁጥር ለሊሴ «ቆይ፤ ስምህ ሲነሳ አባዬ ዝም ይላል» እያለች ታዘገየኝ ነበር።

ነሐሴ መገባደጃ ላይ አንድ ቅዳሜ ደወለችልኝ።

«የአባዬ ላፕቶፕ ሞተ» አለች። «የአያቴ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።»

አያቷ፣ የአባቷ እናት፣ ከማረፋቸው በፊት ኦቦ ተሬሳ አጠገባቸው እየተቀመጡ አሮጊቷ የትውልድ ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ድምፃቸውን ቀድተው ነበር። ሌላ ቅጂ የለም። ላፕቶፑ የሶፍትዌር እድሳት እየጫነ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ደካማ ነበርና ሲስተሙ ተበላሸ። እንደ አዲስ ሊጭንላቸው የመጣው የሰፈር ባለሙያ ደግሞ ዲስኩን ጭራሽ አጣው።

«ቶሎ ና። ግን ስለ እኛ ጉዳይ አንድም ቃል እንዳትተነፍስ» አለችኝ።

ወደ ጉደር ሚኒባስ ያዝኩ። ዝናቡ አባርቶ ሴቶች መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ፤ ሽታው በመስኮት ይገባል። ቤት ስደርስ «አካም ጅርቱ?» ብዬ እጅ ነሳሁ። የለሊሴ እናት አዴ ሹሜ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ ቅቤው ያብለጨልጫል፣ እኔ ግን ሳልነካው ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ።

የዊንዶውስ መጫኛውን ፍላሽ ሰክቼ አስነሳሁ። እውነትም ዲስክ የሚዘረዘርበት ቦታ ባዶ ነው። ላፕቶፑን ገልብጬ ፈታሁት። ኤስኤስዲ የምትባለው ዲስክ ከአንድ ማስቲካ አትበልጥም፤ ነቅዬ፣ አቧራዋን እፍ ብዬ መለስኳት። አሁንም ባዶ። ኦቦ ተሬሳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገባሁ፤ ማሽኑ ሲስተም ሳይነሳ በፊት የራሱን ዕቃ የሚዘረዝርበት ገጽ ነው። የዲስኳ ስም ከነመጠኗ ተጽፏል!

«አለች!» ብዬ ጮህኩ። «ኦቦ፣ አልሞተችም። ማሽኑ ያውቃታል፤ የማያውቃት መጫኛው ነው።»

«ባለቤቱ የሚያውቀውን እንግዳው እንዴት ያውቃል?» አሉ።

«የሚያስተዋውቃቸው ፋይል አለ፤ ድራይቨር ይባላል። እሱ ነው የጎደለው።»

እዚያው ባዮስ ውስጥ የዲስኩን አሠራር መቀየር አቋራጭ ነበር፤ ግን የሰው አደራ ላይ መሞከር ፈራሁ። በስልኬ ላውርድ ብል ኔትወርኩ አልላወስ አለ። አምቦ ተመልሼ ድራይቨሩን አወረድኩ፣ ከታሸገበት ፈትቼ ፍላሹ ላይ ጫንኩና መጣሁ። ስመለስ ኦቦ ተሬሳ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም ነበር።

«ድራይቨር ጫን» የሚለውን ነክቼ ፎልደሩን አሳየሁት። መጫኛው ትንሽ ቆየ። ከዚያ የዲስኳ ክፍሎች ባዶው ቦታ ላይ ተደርድረው ብቅ አሉ። ለሊሴ ከኋላዬ አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ ቀጥል በለው እንጂ!» ብለው ኦቦ ተሬሳ እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ ሰደዱ።

እጃቸውን ለቀም አድርጌ ያዝኩ። ልጅ ሊጠይቅ ያሰበ ሰው የማያደርገው ድፍረት ነበር።

«ይቅርታ ኦቦ። አሁን ከቀጠልን ያለውን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ድምፁን እናውጣ።»

ከመጫኛው ሳልወጣ የትዕዛዝ መስኮቱን ከፍቼ ፋይሎቹን ሌላ ፍላሽ ላይ ገለበጥኳቸው። ለሊሴ ስልኳ ላይ ሰክታ አንዱን ከፈተች። መጀመሪያ የአሮጊት ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ በኦሮምኛ «ተሬሳ፣ ይሄ ዕቃ እየሰማኝ ነው?» የሚል ድምፅ።

«ኤዬ፣ አዮ» አሉ ኦቦ ተሬሳ፤ «አዎ፣ እማዬ» ማለታቸው ነው። እናታቸው ከፊታቸው የተቀመጡ ያህል ነበር የመለሱላቸው። ከዚያ ራሳቸው ደንግጠው ሳቁ፤ አዴ ሹሜም እያለቀሱ ሳቁ። ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ሲወርድ ረሃቤ መጣ፤ ጭኮውን ጠራርጌ በላሁት።

ዊንዶውሱን ጭኜ ስጨርስ ኦቦ ተሬሳ እስከ መኪና መሳፈሪያው ሸኙኝ። «ገለቶሚ፣ ተባረክ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ፣ «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አሉ።

ቆም አልኩ። «ያውቁ ነበር?»

«መምህር ነበርኩ እኮ! ካወቅኩስ ቆየሁ። የወሰንኩት ግን እጄን ስትይዘኝ ነው።»

ለሊሴ ዛሬ ባለቤቴ ናት። ስለ ሃይማኖቱ ሁለቱ ቤተሰቦች ብዙ ተከራክረዋል፣ አሁንም አልጨረሱም፤ ክርክሩ ግን አንድ ገበታ ላይ ሆኗል።

የባልደረባዬ ላፕቶፕ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ባዮሱ ውስጥ ዲስኩ ይታያል፣ ነግሬያት ተንፍሳለች። ሁሉም ይድናል ብዬ አልዋሽም፤ በእጄ ሞተው የቀሩ ዲስኮች ብዙ ናቸው። ብቻ «ተቃጥሏል» የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት አልቸኩልም። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ያን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚቀብር አላውቅማ።