የዳይፐር ልክና የሜጋ መንገድ

መጀመሪያ ያመመኝ ጀርባዬን ነው። አከርካሪዬ መሃል ላይ፣ በሁለት ጣት የሚሸፈን ቦታ። ነገሌ ገበያ ውስጥ ባለችው የጨርቅ ሱቃችን ጣቃ ሳወርድና ስሰቅል ስለምውል ድካም መሰለኝ፤ ቅባት አሸሁበት። ከሞያሌ ዕቃ ጭኜ በተመለስኩ ቁጥር ይብስብኝ ስለነበር የመኪና ንጠት ነው አልኩ። ማታ ማታ የሚያልበኝንም የቆላው ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲህ እያልኩ አምስት ወር ሄደ።

አንድ ጠዋት የሱቁን ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። አላወቅሁም። ያሳየችኝ ደንበኛ ናት። በዚያው ሳምንት ቆሜ ጨርቅ እየለካሁ ሽንቴ ሳልሰማው ወረደ። ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ባለቤቴ ሁሴን ሀዋሳ ወሰደኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። "የአከርካሪ ቲቢ ነው" አለ። "ሁለት አጥንት በልቶ ነርቭዎን ተጭኖታል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናሉ። እግርዎም ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ሽንትዎ ግን ቃል አልገባም።"

ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ከዚያ በኋላ የዓመት መድኃኒት ነበር። ወደ ነገሌ በፍራሽ ላይ ተኝቼ ተመለስኩ። መጀመሪያ በካቴተር፣ በሽንት ቱቦ፣ ነበርኩ፤ ኢንፌክሽን ደጋግሞ ስላስቸገረኝ አወጡልኝና ዳይፐር ያድርጉ ተባልኩ።

እናቴ ያለችው ሜጋ ነው፣ ወንድሜ ቤት። ሳልታመም ወደ ሞያሌ ስወርድም ስመለስም እሷ ጋ ሳላድር አላልፍም ነበር። ከታመምኩ ወዲህ የቀረን ስልክ ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። ናጋዬን፣ ሰላሜን ማለት ነው፣ ትጠይቀኛለች፣ የሁሴንን ናጋ፣ የሱቁን ናጋ፣ የፍየሎቹንም ሳይቀር፤ መጨረሻ ላይ "ኮቱ" ትላለች፣ ነይ ማለቷ ነው። ሽንት እንደማልቆጣጠር አልነገርኳትም። ወገቤን አሞኛል፣ ሐኪም መንገድ ከለከለኝ አልኳት። እሺ ትልና በሳምንቱ ያንኑ ቃል ትደግመዋለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግድግዳውን እያየሁ የምናፍቀው ትንሽ ነገር ነበር፦ እንደ ወትሮዋ ደጅ በምትቀመጥበት ከእሷ ጎን ተቀምጬ፣ ምንም ሳናወራ፣ ከሞያሌ የሚመጡትን መኪኖች ማየት።

ሁሴን ዳይፐሩን ከሞያሌ አስመጣው። ትልቁን ቁጥር። ሁለታችንም ትልቅ ሲሆን ብዙ ይይዛል ብለን ነበር። እኔ ደግሞ በበሽታው ከስቼ ዳሌዬ አልቋል። ብሽሽቴ ላይ ክፍተት ተረፈ። በዚያ ሁልጊዜ ያፈስ ነበር። ማጣበቂያውን እስከ ሆዴ መሃል ጎትተን አጠበቅነው፤ ወገቤን ቆረጠኝ እንጂ ታፋዬ ጋ ማፍሰሱን አልተወም። ሁለት ደራርቤ አደረግሁ። አንሶላው ደርቆ ሲያድር ተሳካልኝ አልኩ። ላዬ ላይ ያለው ላስቲክ ሙቀቱን አፍኖ እየቀቀለኝ እንደሆነ አላሰብኩም። ሽንት እንዲቀንስልኝም ውሃ መጠጣት ተውኩ፤ በነገሌ በጋ፣ በቀን ሁለት ስኒ።

ከወገቤ በታች ስሜቴ ግማሽ ነበር። ስለዚህ አላቃጠለኝም። አላሳከከኝም። አንድ ቀን ሁሴን ሊቀይርልኝ ከፍቶ እጁ ቆመ። ምን ሆንክ አልኩት። ዓይኑን ከብሽሽቴ አላነሳም። መስታወት አምጣ አልኩት። አላመጣም። እንደገና አልኩት። አመጣ።

ሁለቱ ብሽሽቶቼ ጥሬ ሥጋ መስለዋል። ዙሪያውን ትናንሽ ቀያይ ነጥቦች ወጥተዋል። መቀመጫዬ ላይ ቆዳው ተልጧል። ሽታው ከዳይፐሩ ሳይሆን ከእኔ ነበር። መስታወቱን መለስኩለት። ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። ሁሴን ወጣ።

ሸሸኝ ብዬ ነበር። እሱ ለካ ጤና ጣቢያ ሄዷል። ሲስተር አልማዝን ይዟት መጣ። አልማዝ የጉራጌ ነጋዴዎች ልጅ ናት፣ ነገሌ ተወልዳ ያደገች፣ ኦሮምኛዋ ከእኔ የማያንስ። "አካም" ብላ ገባች፤ እጇን ታጥባ ጓንቷን አደረገችና ሳትደነግጥ አየችኝ። የዚያች ሴት ፊት አለመለወጡ ለእኔ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር። ነጥቦቹ የፈንገስ ምልክት ናቸው ብላ ክሎትሪማዞል የሚባል ክሬም አዘዘችልኝ። የተላጠውን ለብቻው አጽድታ ሸፈነችው። በምን እንደምንታጠብ ጠየቀች፤ ሁሴን የልብስ ሳሙናውን አሳያት። ከዚያ በኋላ የምንረጨውን ፓውደርም አሳያት። ሁለቱንም ከክፍሉ አስወጣች። ቀጥላ ዳይፐሩን አንስታ ዘረጋችው።

"እትዬ ሀሊማ፣ አንቱ ልብስ ሻጭ አይደሉም? ለቀጭን ሴት ትልቁን ቀሚስ ብዙ ጨርቅ አለው ብለው ይሸጡላታል?"

ከሱቁ ሜትር አስመጣችና ወገቤንና የዳሌዬን ሰፊ ቦታ ለካች። ዳይፐር የሚመረጠው ከሁለቱ በሚሰፋው ልክ ነው። ለስንት ሰው ስለካ በኖርኩበት ሜትር ራሴን ለክቼ አላውቅም ነበር። ከለበስኩት በሁለት ቁጥር ያነሰ ነው ልኬ።

አደራረጉንም ያስተማረችን እሷ ናት። በጎኔ አስተኝታ ዳይፐሩን ለሁለት አጥፋ ከፊት ወደ ኋላ አስገባችው፤ ከዚያ በጀርባዬ መልሳኝ ላስቲኩ በትክክል ብሽሽቴ እጥፋት ውስጥ እንዲያርፍ ጎተተችው። ከውስጥ በኩል ጠርዝ ጠርዙን የቆመች ስስ ጨርቅ አለች፤ እሷ ታጥፋ ከተኛች ሽንቱ በጎን ይወጣል፤ በጣት ዙሪያውን ሄዶ ማቆም ያስፈልጋል። የታችኛው ማጣበቂያ ቀድሞ ትንሽ ወደ ላይ አዘንብሎ ይያዛል፣ የላይኛው ተከትሎ ወደ ታች። ሲያልቅ ወገብ ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ሁለት ጣት ካልገባ ይቆርጣል፣ እጅ ሙሉ ከገባ ያፈሳል። ሁለት መደረብ ቀረ።

ቆዳውን በተመለከተ የሰጠችን ትእዛዝ ከባድ አልነበረም፤ ያለማቋረጥ መሥራቱ ነው የከበደን። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ማየት፣ ሰገራ ካለ ደግሞ ወዲያው መቀየር። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከፊት ወደ ኋላ። ሳያሹ እየነካኩ ማድረቅ። የፈንገሱ ክሬም በታመመው ቦታ፤ ያልተላጠው ቆዳ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ስስ አድርጎ፣ ምክንያቱም ሲወፍር ዳይፐሩ ላይ ተለጥፎ መምጠጡን ያስቀረዋል። በቀን ሁለቴ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያለ ዳይፐር በጎን ተኝቶ አየር ማስነካት። ውሃ መጠጣት፤ ሽንቱ ሲጠቁር ያቃጥላልና። ለእኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ መስታወት። "የማይሰማዎትን ዓይንዎ ይስማልዎ" አለችኝ።

የውሃ ቦቴው ሳይመጣ በሚቆይባቸው ሳምንታት ሁሴን የእኔን ጀሪካን ለብቻው ያስቀምጥ ነበር፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ አይነካም። ሱቁ ያለችው ከቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ በየሦስት ሰዓቱ መጋረጃውን ጥሎ ይመጣል። ሰዎች ሰላት አበዛህ ይሉት እንደነበር በኋላ ነገረኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቅላቱ ደበዘዘ፣ የተላጠውም አዲስ ስስ ቆዳ አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሰውነቴ እንደገና የእኔ መምሰል ጀመረ። የተውኩትን ሰላትም የመለሰልኝ ሁሴን ነው፤ የሰፈራችንን ሼህ ለማን እንደሆነ ሳይናገር ጠይቆ፣ ሽንቱ የማይቋረጥ ሰው ወቅቱ ሲገባ ታጥቦና ቀይሮ፣ ለእያንዳንዱ ሰላት ውዱእ፣ የሰላቱን ትጥበት፣ እያደረገ እንደሚሰግድ ሰምቶ መጣ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቀትሩን ሰላት፣ ዙሁርን፣ የሰገድኩበትን ቀን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በስምንተኛው ወር በሁለት ክራንች መቆም ቻልኩ። መድኃኒቱን ስጨርስ በአንድ ክራንች ገበያውን ዞርኩ። ሽንቴ ግን፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ አልተመለሰም።

ሜጋን የፈራሁት ለዚህ ነው። እግር ቢመለስም መንገዱ ሙሉ ቀን ነው፣ መኪናው ውስጥ ሰው አለ፣ የት እቀይራለሁ? ሙሉ በሙሉ ስድን እሄዳለሁ እያልኩ ሌላ ዓመት ጨመርኩ። አርብ አርብ መደወሏ ቀጠለ። ከዚያ አንድ አርብ "ኮቱ" ሳትል ዘጋች። በሚቀጥለውም አላለችም። በሦስተኛው እኔው ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ አትቸገሪ አለችኝ። አዘነችብኝ ብዬ ያን ሳምንት ምግብ አልበላልኝ አለ።

ሁሴንን እንሂድ አልኩት። እንዴት እንደምንሄድ ለአሥር ቀን ተለማመድን። ዳይፐሩን ተኝቼ ሳይሆን ቆሜ ግድግዳ ተደግፌ መቀየር ተማርኩ። ከወንድሙ ፒክአፕ ተዋስን። የዳዋን ድልድይ ተሻግረን መጀመሪያ የቆምነው ግራር ሥር ነው፤ ሁሴን በሁለት በሮች መሃል ጣቃ ጨርቅ ወጠረልኝ፣ እኔ ከኋላው በመስታወቴ አይቼ፣ ታጥቤ፣ ቀየርኩ። እንዲህ ሦስት ጊዜ። ዱብሉቅ ስንደርስ ዋናውን አስፋልት አየሁና፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ኩርባ ስለማውቀው፣ ሁሴን ሻይ እንጠጣ ቢለኝ ሂድ ሂድ አልኩት።

ሜጋ የገባነው ከአስር ሰዓት በኋላ ነው። የወንድሜ ሚስት ሎኮ በር ላይ ተቀበለችን። እጇ እርጥብ ነበር፤ ከኋላዋ ገመዱ ሙሉ የተቀዳደደ አንሶላ ተሰጥቷል። እማዬ የወትሮው ቦታዋ ላይ የለችም። ጓዳ ገባሁ።

ሽታውን አወቅሁት።

ከፕላስቲክ ላይ ተኝታለች። ክስት ብላለች። ስታየኝ ይፈካል ያልኩት ፊት ወደ ግድግዳ ዞረ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ያዘች። ልስማት ጎንበስ ብል፣ አትጠጊኝ አለች።

ያኔ ገባኝ። በሩን ዘጋሁ። ክራንቼን አስደገፍኩ። ድሪያ ቀሚሴን ከፍ አድርጌ ያደረግሁትን አሳየኋት።

ፊቷን ከግድግዳው መልሳ አየችው። "አንቺም?" አለች።

"ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ" አልኳት።

ብርድ ልብሱን ለቀቀች። እያለቀሰች እንደነገረችኝ፣ አንድ ቀን ከወደቀች በኋላ ሽንቷን መያዝ አቅቷታል፤ ነይ ማለት የተወችው እንዳላያት ነው። ሁለታችን በየአርቡ አንዱን ነገር ከሁለት ጫፍ ደብቀን ስንናፈቅ ኖረናል።

ገልጬ አየኋት። የእኔው ሽፍታ ነው፣ በእኔው ቦታ። ሎኮ ደግ ሴት ናት፤ ቀን ሙሉ ታጥባለች፣ ግን በልብስ ሳሙና፣ ግን እያሸች፣ ግን ፕላስቲክ ላይ እያስተኛች። አልተቆጣኋትም፤ እኔም ያንኑ አልነበር የማደርገው? ጤና ጣቢያ አስጠራን፤ የመጣው ሐኪም አይቶ ፈንገሱን አከመው። የእኔ ዳይፐር ለእማዬ ሰፊ ነበር። ሜትር ስላልነበረን በሻሽ ለካኋትና ሻሹ ላይ ቋጠሮ አስሬ ሞያሌ ላክን፤ ትንሹ ቁጥር መጣ። የአሮጊት ቆዳ ከእኔ ይልቅ ስስ ነው፤ ማጣበቂያው እንኳ ቢነካው ይላጣል። በወር ተኩል ዳነላት።

ሁሴን ወደ ሱቁ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። አብረን የኖርነው አምስት ወር ነው። ጠዋት እኔ ለራሴ ከቀየርኩ በኋላ ለእሷ እቀይራለሁ፤ ከዚያ ሎኮና እኔ ተጋግዘን ደጅ እናስቀምጣታለን፣ ከሥሯ ለስላሳ ትራስ አድርገን። ከሞያሌ የሚመጡትን መኪኖች ታያለች። በብዛት አናወራም ነበር። ስትሞት ገላዋን ካጠብነው ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። አንድም ቁስል አልነበረባትም።

አሁንም ዳይፐር አደርጋለሁ፣ አሁንም ሱቅ እውላለሁ። አርብ ከሰዓት ስልኩን ከአጠገቤ አላርቅም፤ ልማዱ አልለቀቀኝም። ለሁሴን፣ ለሲስተር አልማዝ፣ ለሎኮ አላህ ከኔ የተሻለ ምንዳ ይክፈላቸው።

በዚህ ችግር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ወይም የምታስታምሙ፣ እኔ በሥጋዬ የከፈልኩበትን በቃል ውሰዱት። ቁጥር ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ፤ ሰውነት ሲከሳና ሲወፍር ደግሞ እንደገና ለኩ። በቀን አንዴ ብርሃን ባለበት ቆዳውን እዩ። ቅላቱ በሁለት ሦስት ቀን ካልቀነሰ፣ ነጥብ ካወጣ ወይም ከተላጠ በቤት ቅባት አትታገሉ፣ ሐኪም ይየው። ውሃ አትከልክሉ። የሚያስታምማችሁ ሰው ፊቱን ቢያዞር ሁልጊዜ መጸየፉ አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁም ሊሆን ይችላል፣ ንገሩት።

የምትናፍቁት ሰው ካለ ደግሞ ቆዳችሁ እስኪድን ጠብቁ። እናንተ ሙሉ በሙሉ እስክትድኑ ግን አትጠብቁ።