ማንበብ የረሳሁበት ጥቅምት

የብቅል ሽታ ዛሬም ድንገት ያገኘኛል። ከአንዱ ግቢ አጥር ጀርባ፣ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው የሚወጣው ያ ጣፋጭም ጎምዛዛም ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ድግስ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ግን ንዴት ይቀድመኛል። ልጅነቴን ያሳለፍኩት ስጥ ስጠብቅ ነዋ!

ያደግነው ባሕር ዳር ነው፤ አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ልምሻ ግራ እግሬን መትቶኝ፣ አባቴ ከዋንዛ እንጨት ጠርቦ በሠራልኝ ምርኩዝ እየተደገፍኩ ነበር የምሄደው። መሄዱን እሄዳለሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን እደርሳለሁ። ለግቢያችን ሰው የሚታየው ግን መቀመጤ ብቻ ነበር። በጋ በገባ ቁጥር ሴቶቹ ብቅሉን፣ በርበሬውን፣ ጌሾውን እያወጡ ፊቴ አስጥተው፣ «አንች እኮ ቁጭ ብለሽ ነው» ብለውኝ ወደየሥራቸው ይሄዱ ነበር። ሕፃን የምታሳቅፈኝም፣ ወተቱ እንዳይገነፍል እይልኝ የምትለኝም ምክንያቷ ያው ነበር። ቁጭ ያለ ሰው ሥራ የሌለው ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ሥራ ነበረኝ፤ አነብ ነበር።

ንባብ ያስተማሩኝ ሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩት የኔታ ነበሩ። አባቴ ወደ ሥራ ሲሄድ ብስክሌቱ ላይ ከኋላው አስቀምጦ አድርሶኝ፣ ሲመለስ ይወስደኝ ነበር። በሁለት በጋ ፊደሉንም ዳዊቱንም ጨርሼ፣ ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን፣ የጎረቤት ተማሪ የጣለውን ገጹ የጎደለ የታሪክ መጽሐፍ። ዶሮዎቹ ይህን ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ ገጽ እስክገልጥ ጠብቀው ብቅሉ ላይ ይሰፍሩበት ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ትወጣና፣ «ዓይንሽን ወረቀት ላይ ተክለሽ ዶሮው ብቅሉን ጨረሰው እኮ! ለምን ነው ታዲያ የተቀመጥሽው?» ትለኝ ነበር። ለማንበብ ነዋ! ግን እንዲህ ብሎ መመለስ በጥፊ ያስመታል።

አባቴ በንባቤ የሚኮራው ኩራት ለከት አልነበረውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ አንብቢላቸው» ይለኝ ነበር፤ ሌላ ጽሑፍ ከጠፋ የዘይት ቆርቆሮውን አነብላቸው ነበር።

ሙቀቱ ሰውን በሚያንገበግብበት ሚያዝያ፣ ቀበሌው ማንበብ የማይችል ሁሉ መሠረተ ትምህርት እንዲገባ አዘዘ። እናቴ እኔን ብቻዬን ቤት ትታ መሄድ ስላልሆነላት ይዛኝ ሄደች። አዳራሹ ከቤታችን ሁለት አጥር ቢያልፍ ነው። አስተማሪው ወጣት ዘማች ነበር፤ ፀጉራቸው የሸበተ ሴቶች መካከል ተቀምጬ ሰሌዳውን ቀድሜያቸው ስወርደው ሲያይ ደስ ብሎት ስሜን መዝገብ ላይ አሰፈረው። ድሮም ማንበብ እችል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ የመጣ ሁሉ ይመዘገብ ነበር። ሰኔ ላይ ፈተና ተፈተንን፤ እናቴ ወደቀች፣ እኔ አለፍኩ። ከመሃይምነት ነጻ መውጣቴን የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። ያን ጊዜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀለው። ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ልጄ ተመርቃለች» ይል ጀመር። ለእኔም ሳቅ ነበር፤ የሚከተለው አልታየኝማ።

ክረምቱ እንደ ልማዱ ሰፈሩን ጭቃ አደረገው። ምርኩዜ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ይሰምጣል፣ እሱን ነቅዬ ስጨርስ እግሬ ይሰምጣል፤ ስለዚህ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከበረንዳው አልወርድም ነበር። እዚያ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት መግባት። በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ደሳለኝ ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሚያመልጠው ያስብ ነበር፤ እሱን ሐይቁ ዳር ውሎ ዓሣ ማጥመድ እንጂ ሌላ ነገር አያምረውም።

የምዝገባው ዕለት አባቴ ደሳለኝን በግድ ፊቱን አሳጥቦ ብስክሌቱ ላይ ሲያወጣው፣ እኔም ታጥቤ፣ ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንችማ ጨርሰሻል የኔ ልጅ። ምን ቀረሽ?» አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት በአገጩ አሳየኝ።

«ሒሳቡስ? ሳይንሱስ?»

«መጻሕፍቱን አመጣልሻለሁ፤ ቁጭ ብለሽ ታነቢያለሽ።»

ቃሉን ጠበቀ፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ አባት ቢሆን እሱን ማኩረፍ እንዴት በቀለለኝ! የወንድሜን መጻሕፍት በሳምንት ጨረስኳቸው፤ የቤት ሥራውንም የምሠራለት እኔ ነበርኩ። እኔ በሠራሁት ሒሳብ የደሳለኝ ደብተር ላይ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ሲጻፍ፣ እኔ በርበሬ እጠብቅ ነበር። ባላነብ ኖሮ ትምህርት ቤት ይወስዱኝ ነበር። ቤት ያስቀረኝ ከዓለም ሁሉ አብልጬ የምወደው ነገር ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ አባቴ የሥራ ባልደረባውን ይዞ መጥቶ እንደ ልማዱ «አንብቢለት» ሲለኝ፣ ጋዜጣውን ተቀብዬ ብዙ ካየሁት በኋላ «ጠፋብኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ፊደሉ። ረሳሁት።»

መጀመሪያ ተሳቀ። በሦስተኛው ቀን የሚስቅ አልነበረም። የግቢው ሴቶች ዓይን በልቷታል ብለው፣ «እንዲያ ለሰው ሁሉ እያወጣህ ስታስነብባት!» እያሉ አባቴን ያብጠለጥሉት ጀመር። እኔም ብሆን አልተመቸኝም። ለይምሰል እንኳ ማንበብ መተው እንዲህ የሚከብድ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ ሳላዘው ያነብ ነበር፤ ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ መሐሉ ላይ የተቀደደው ወሬ መጨረሻው እንዳያጓጓኝ ፊቴን አዞር ነበር።

የከፋው ግን የእትዬ ስመኝ ነገር ነው። እትዬ ስመኝ ከጓሯችን ጀርባ የሚኖሩ፣ አንድ ልጃቸው በስተሰሜን ጦር ሜዳ የነበረ ሴት ናቸው። የልጃቸውን ደብዳቤ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና፣ «እስቲ እይልኝ ልጄ፤ አንዲት መስመር እንኳ ብትመጣልሽ» አሉኝ። ከላይ ሁለተኛው መስመር ላይ «እኔ ደኅና ነኝ» ይላል፤ ጥርት ብሎ ይታየኛል። «አልችልም እትዬ» አልኩ። ደብዳቤውን መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ቋጥረው፣ የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ በዚያ ፀሐይ ወደ ቀበሌው አዘገሙ። ሮጬ ደርሼ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እኔ ልሮጥ! ሲመሽ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ፤ እኔ ግን ለዚያ ከሰዓት በኋላ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

በመጨረሻ እናቴ ሰባት ቀን ልታስጠምቀኝ የኔታ ወዳሉበት ቤተ ክርስቲያን ጸበል ወሰደችኝ። በሦስተኛው ቀን፣ በረጠበ ነጠላ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ፣ የኔታ ከዋርካው ሥር ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በጣታቸው እያሳዩኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። አንድ መስመር ዘለሉ። ቻልኩት። ትንሽ ቆይተው ሌላ ዘለሉ። ከንፈሬን ነክሼ እሱንም ቻልኩት። ቀጥለው ግማሽ ገጽ ዘልለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ንባባቸውን ሲቀጥሉ ግን አላስቻለኝም።

«ኧረ የኔታ፣ ዘለሉ እኮ!»

ዳዊቱን አጠፉና «ወጣ!» አሉ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፍነው። ከዚያ ረጋ ብለው ምን ሆኜ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

አባቴ ሊወስደን ሲመጣ፣ «ንባቧ ተመልሷል» አሉት። «ዳሩ ግን ብቻዋን ከዋለች ተመልሶ ይጠፋባታል። ከልጆች ጋር ትዋል።»

«የት ትዋል የኔታ?»

«ትምህርት ቤት ነዋ! ሌላ የት ልጅ ይውላል?» ብለው ተቆጡት። ዋሹ ለማለት እስከ ዛሬ አልደፍርም።

ቤት እንደደረስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት እትዬ ስመኝ ዘንድ ሄዶ ያንን ደብዳቤ ማንበብ ነበር፤ ስምንት ጊዜ አስደገሙኝ። ሰኞ አባቴ እኔንና ወንድሜን ብስክሌቱ ላይ አስቀምጦ እየገፋ ወስዶ አስመዘገበኝ። አንደኛ ክፍል ከደሳለኝ ጎን ተቀምጬ ሀ ሁን ለሦስተኛ ጊዜ ተማርኩ፤ እንደዚያ ደስ እያለው ሀ ሁ የቆጠረ ተማሪ ያለም አይመስለኝ። ግንቦት ማብቂያ ላይ ዝናብ ጥሎ አንድ ቀን ቀረሁ። በማግስቱ መምህሩ መዝገቡን ገልጠው፣ በስሜ ትይዩ «ቀሪ» ብለው የጻፉትን እያሳዩ ሲቆጡኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሁልጊዜ አለች ተብላ የምትታሰብ ልጅ፣ ስትጠፋ የሚታወቅበት ቦታ አገኘች።

አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኖ፣ ባጃጅ ከደጄ አንስታ መሥሪያ ቤቴ በር ታደርሰኛለች። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ ሳላነብ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባልደረቦቼ ደጋጎች ናቸው፤ «ምን ያደክምሻል፣ ቤትሽ ሆነሽ ብትሠሪውስ» ይሉኛል፤ እኔም እበሳጫለሁ፣ ሄጄም እሠራለሁ። ባለፈው እሑድ አባቴ ዘንድ ሄጄ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ያን ጊዜ በእውነት በዚያች ወረቀት ምክንያት ነበር ወይ ያስቀረኝ ብዬ ጠየቅኩት።

«ወረቀቷማ ምን ነበረች» አለ። «ልጆቹ ይገፉብኛል ብየ ነው የፈራሁ።»

«ገፍተውኛል እኮ አባባ» አልኩት። «ያውም ስንት ጊዜ።»

ዓይኑ እንደ ድሮው አያይለትም፤ ጉልበቱም ከድቶታል። ድንገት ቀና አለና፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ለመነሣት እየታገለ፣ «ማን?» አለኝ። «ስማቸውን ንገሪኝ።»